በልስን የተሸፈነ ዕዳ፤ ፌሮ ሲዝግ የሕንፃው ዋጋም አብሮ ይዝጋል

ሕንፃ ለመግዛት የሚደራደር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ካርታውን ነው። ቀጥሎ ቦታው ከዋናው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ተከራዮቹ እነማን እንደሆኑ፣ የወር ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ያጣራል። ደላላውም እነዚህኑ መልሶች ይዞ ይቀርባል። ሁለቱም ግን ወደ ምድር ቤቱ ወርደው፣ ከመጸዳጃ ቤቶቹ በታች ያለውን ኮርኒስ አስነስተው ሶሌታውን ቀና ብለው የሚያዩበት ጊዜ እምብዛም ነው። በካርታው ላይ የማይጻፍ፣ በባንክ መዝገብም የማይገኝ አንድ ዕዳ የሚነበበው ግን እዚያ ነው። ይኸውም በአርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ ዝገት ነው።

ይህ ዕዳ እንደማንኛውም ዕዳ ወለድ አለው። ዛሬ በጥቂት ካሬ ሜትር ልስንና አርማታ ሊጠገን የሚችለው ቦታ ከዓመታት በኋላ ምሰሶ ማስደገፍና ተከራይ ማስወጣት ይጠይቃል። ሕንፃው በተሸጠ ቁጥርም ዕዳው ከሕንፃው ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል። ሻጩ ላያውቀው ይችላል፤ አውቆም በአዲስ ቀለም ሊሸፍነው ይችላል።

የ9 ሚሊዮኑ ሥራ 15 ሚሊዮን ሲሆን

የዚህ ወለድ አቆጣጠር በግልጽ የታየው በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በዚያ የነበረው ቻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተባለው ባለ 12 ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1981 ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን 136 ቤቶች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 በባለቤቶቹ ማኅበር የተቀጠረ አማካሪ መሐንዲስ ሕንፃውን መርምሮ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ባለው ወለል ሥር የተነጠፈው የውኃ መከላከያ ማርጀቱን፣ ወለሉ ያለ ተዳፋት ተስተካክሎ የተሠራ በመሆኑ ውኃ እንደሚተኛበት፣ ከሥሩ ባለው የመኪና ማቆሚያም አርማታው መሰንጠቁንና መርገፉን ጽፎ አስረከበ። የጥገናው ግምት ከ9 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነበር።

ባለቤቶቹ በገንዘቡ ሳይስማሙ ጊዜ አለፈ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ለነዋሪዎች በተላከ ደብዳቤ ጉዳቱ መባባሱ ተገልጾ መዋጮው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ለአንድ ቤት የደረሰው ድርሻ ከ80 ሺህ ዶላር ጀምሮ ለትልቁ ቤት እስከ 336 ሺህ ዶላር ነበር። የክፍያው ቀነ ገደብ ጁላይ 1 ሲሆን፣ ሕንፃው ግን አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ ጁን 24 ቀን 2021 (ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም.) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ከፊሉ ተደረመሰ። 98 ሰዎች ሞቱ።

የአሜሪካ መንግሥት የምርመራ ቡድን ባወጣቸው ግኝቶች አደጋውን በዝገት ብቻ አላመካኘም። የገንዳው ወለል ከመጀመሪያውም በዲዛይኑ ከሚፈለገው ጥንካሬ በታች እንደነበር አመልክቷል። በሌላ አነጋገር ከመነሻው ትርፍ አቅም ያልነበረው ወለል ላይ ውኃና ዝገት ተጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተጎጂዎችና ለባለቤቶች የተፈቀደው ካሣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ ያላቸው የጋራ ሕንፃዎች 30 ዓመት ሲሞላቸው በባለሙያ እንዲመረመሩና ለጥገና መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በፍሎሪዳ አሮጌ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው የምርመራውን ወረቀትና የመጠባበቂያውን ሂሣብ ሳያይ አይፈርምም።

አርማታ ለምን ፌሮውን ይጠብቃል? መቼስ ይከዳዋል?

ብዙ ሰው አርማታ ፌሮን የሚጠብቀው ውኃና አየር ስለማያስገባ ይመስለዋል። አርማታ ግን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነገር ነው፤ ውኃም አየርም ቀስ በቀስ ያስገባል። ዋናው ጥበቃ ኬሚካላዊ ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ኖራ የአርማታውን ፒኤች ከ12 በላይ ያደርሰዋል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ፌሮ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ለራሱ ይሠራል፤ ሽፋኑ እስካለ ድረስ አይዝግም።

ይህን ሽፋን የሚያፈርሱ ሁለት ጠላቶች አሉ።

የመጀመሪያው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከአርማታው ገጽ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ኖራውን ወደ በሃ ድንጋይ ይለውጠዋል፤ ፒኤቹም ከ9 በታች ይወርዳል። ባለሙያዎች ካርቦኔሽን ይሉታል። ለውጡ ፌሮው ጋ ሲደርስ ስስ ሽፋኑ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ውኃ ባገኘ ቁጥር ፌሮው ይዝጋል።

ሁለተኛው ጨው ነው። የባሕር ነፋስ፣ የባሕር አሸዋ፣ ጨዋማ የከርሰ ምድር ውኃ ወይም ጨው ያለበት የማጠንከሪያ ኬሚካል የሚያመጣው ክሎራይድ፣ አርማታው ገና ጤነኛ ሳለ ፌሮውን እየመረጠ ይበሳዋል። በታይዋን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ባልታጠበ የባሕር አሸዋ የተሠሩ ቤቶች ጣሪያቸው እየረገፈ ዋጋቸው መውረዱ በዚያ አገር የቤት ገበያ ውስጥ የራሱ መጠሪያ እስኪያገኝ የታወቀ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር የራቀች ከተማ በመሆኗ የጨው ነገር እንደ ጅቡቲና እንደ ምጽዋ አያሰጋትም። የአዲስ አበባ ሕንፃ ጠላቱ አየርና ውኃ በተራ ሲፈራረቁበት ነው። ካርቦኔሽን በፍጥነት የሚዘልቀው አርማታው በመጠኑ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ዝገቱ ደግሞ የሚሠራው ርጥበት ሲያገኝ ነው። ረጅሙ በጋ በሩን ይከፍታል፤ ክረምት ገብቶ ሥራውን ይሠራል። በዚህም ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነ የቢሮ ውስጥ ምሰሶ ለአሥርት ዓመታት ምንም ሳይሆን ሲቆይ፣ በዚያው ሕንፃ ዝናብ የሚመታው የበረንዳ ጠርዝና ቧንቧው የሚያንጠባጥብ የመጸዳጃ ቤት ሶሌታ ቀድመው ይረግፋሉ።

የሁለት ሳንቲ ሜትር ጉዳይ

ፌሮው ከአርማታው ገጽ ስንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል? የሕንፃው ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው። በተለምዶ ዲዛይኑ እንደ ቦታው ከ20 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚደርስ የአርማታ ሽፋን ያዛል። በሥራ ቦታ ግን ፌራዮው ያሰረው ፌሮ ካሳ ፎርማውን ተደግፎ፣ ወይም በሠራተኛ እግር ተረግጦ ይቀርና ሽፋኑ 10 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ይሆናል።

ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ሂሣቡ ከባድ ነው። ካርቦኔሽን የሚዘልቀው ጥልቀት የሚያድገው በዓመቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ለምሳሌ በአንድ አርማታ ውስጥ የመጀመሪያውን 10 ሚሊሜትር ለመዝለቅ 8 ዓመት ከፈጀ፣ 20 ሚሊሜትር ለመድረስ 32 ዓመት፣ 30 ሚሊሜትር ለመድረስ 72 ዓመት ይፈጃል። ሽፋኑ በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። ውኃ የበዛበት፣ በቫይብሬተር በደንብ ያልተጠቀጠቀና ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ አርማታ ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ያጥራል።

እዚህ ላይ የሕጉ ጉዳይ ይነሣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። በቀጭን ሽፋን ምክንያት የሚመጣው ዝገት ግን ራሱን የሚገልጠው ብዙውን ጊዜ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ስለሆነም 8 ወይም 9 ዓመት የሞላው ሕንፃ ባለቤት ዋስትናው ሳያልቅበት ሕንፃውን ቢያስመረምር ከአንድ የሙያ ክፍያ በስተቀር የሚያጣው ነገር የለም።

ዝገቱ ራሱን የሚገልጥባቸው ምልክቶች

ብረት ሲዝግ ያብጣል። የዝገቱ መጠን ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ይህ እብጠት አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ከፌሮው ዙሪያ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ዝገት እንኳ ሽፋኑን ለመሰንጠቅ ሊበቃ ይችላል። ይህ ለባለቤቱ ደግ ዜና ነው፤ በአየር ምክንያት የመጣ ዝገት ፌሮው ብዙ ሳይበላ በፊት በስንጥቅ ያስጠነቅቃል። የጨው ዝገት ግን ጠባብ ቀዳዳ እየበሳ ስለሚሄድ ብዙ ምልክት ሳያሳይ ፌሮውን ሊቆርጥ ይችላል።

ገዢም ሆነ ደላላ ያለ መሣሪያ ሊያያቸው የሚችላቸው ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ፌሮውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። በምሰሶ ማዕዘን ላይ ከላይ ወደ ታች፣ በቢም ሥር በርዝመቱ የሚሄድ ስንጥቅ ያጠራጥራል። በአንጻሩ ብሎኬቱ ከምሰሶው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የሚታየው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስንና የብሎኬት ጉዳይ እንጂ የዝገት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከስንጥቁ የሚወጣ ቡናማ ወይም ብርቱካንማ እድፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ባዶ ድምፅ ነው። በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲነካ ጤነኛ አርማታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውስጥ የተላቀቀው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የተላቀቀው ልስኑ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ቦታ ልስኑን አንስቶ አርማታውን ራሱን መምታት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የረገፈ አርማታና ፊት ለፊት የሚታይ ፌሮ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ምልክት ፍለጋው አብቅቷል፤ የሚቀረው ምን ያህል እንደተበላ መለካት ነው። ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ዙሪያውን አንድ አንድ ሚሊሜትር ቢበላ ውፍረቱ 10 ይሆናል፤ የመሸከሚያ ስፋቱ ግን ከ113 ወደ 79 ካሬ ሚሊሜትር ይወርዳል። ይህም 30 በመቶ ያህሉን አጣ ማለት ነው።

የት ይታይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ውኃ ያለበት ሁሉ ነው። ከመጸዳጃ ቤትና ከማብሰያ ክፍል በታች ያለው ሶሌታ፣ ሮቶ የተቀመጠበት ጣሪያ፣ አሸንዳው የሚያፈስበት ግድግዳ፣ የበረንዳ ጠርዝ፣ የምድር ቤት ግድግዳና የምሰሶዎች እግር በቅድሚያ ይታያሉ። ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዋናው ፌሮ ያለው ከላይ፣ ከሴራሚኩ ሥር በመሆኑ ከታች ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በበረንዳው ላይ ውኃ የሚተኛ ከሆነ ሴራሚኩን ጥቂት አንስቶ ማየት ተገቢ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ከኮሪደር ልማቱ ጋር በተያያዘ በርካታ የመንገድ ዳር ሕንፃዎች ፊታቸው ታድሷል፤ ቀለም ተቀብተዋል። ይህ ለከተማው ገጽታ መልካም ሲሆን ለገዢ ግን የሕንፃው ፊት የሚሰጠው መረጃ ቀንሷል ማለት ነው። ስለዚህ ሕንፃውን በጀርባው፣ በመወጣጫ ደረጃው ሥርና በምድር ቤቱ በኩል ማየት ይመረጣል። ሌላው ሁሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ልስን ከታየም ለምን እንደተለሰነ መጠየቅ አይከፋም።

ባለሙያው የሚያደርጋቸው ምርመራዎች

ምልክት የታየበትን ሕንፃ ከመግዛት በፊት መሐንዲስ ማስገባት ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ምርመራዎች ሕንፃውን የሚጎዱ አይደሉም።

የሽፋን መለኪያው መሣሪያ በግድግዳው ላይ ሲንሸራተት ፌሮው የት እንዳለና ስንት ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ ይነግራል። የካርቦኔሽን ምርመራ የሚደረገው ከአርማታው ጥቂት ተፈልጦ አዲስ የተገለጠው ገጽ ላይ ፊኖልፍታሊን የተባለ ፈሳሽ በመርጨት ነው። ጤነኛው አርማታ ወዲያውኑ ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል፤ ጥበቃው ያለቀበት ቀለም አይለውጥም። ቀለም ያልያዘው ክፍል 25 ሚሊሜትር ሆኖ የፌሮው ሽፋን 20 ሚሊሜትር ከሆነ ፌሮው ጥበቃ የለውም ማለት ነው፤ ሽፋኑ 40 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ለገዢ ከማንኛውም የቃል ማረጋገጫ ይበልጣል።

በሦስተኛ ደረጃ የፌሮውን የኤሌክትሪክ ጫና በመለካት ዝገቱ በየትኛው ቦታ እየሠራ እንዳለ የሚጠቁም ምርመራ አለ። በስፋት በሚሠራበት የአሜሪካ ስታንዳርድ መሠረት በመዳብ ሰልፌት መለኪያ ከ350 ሚሊቮልት በላይ ወደ ኔጌቲቭ የወረደ ንባብ ፌሮው እየዛገ የመሆኑ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ መሆኑን ያመለክታል። ጨው የሚያሰጋበት ቦታ ሲሆን ደግሞ የአርማታው ዱቄት በላቦራቶሪ ለክሎራይድ ይፈተሻል። ከሲሚንቶው ክብደት 0.4 በመቶ የሚሆን ክሎራይድ ብዙ ጊዜ እንደ ማስጠንቀቂያ መስመር ይወሰዳል።

ጥገና ማለት መለሰን አይደለም

በገበያው ውስጥ የተለመደው ጥገና የረገፈውን መንቀል፣ ሲሚንቶና አሸዋ መለጠፍ፣ ቀለም መቀባት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ክረምት አያልፍም። ከፌሮው በስተጀርባ ያለው አርማታ ጥበቃው ያለቀ ሆኖ ሳለና ዝገቱ ሳይጸዳ የተለጠፈው ልስን ከውስጥ በእብጠት ተገፍቶ መልሶ ይወድቃል።

ትክክለኛው ጥገና በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው። በመጀመሪያ የውኃው ምንጭ ይዘጋል፤ ቧንቧው ሳይጠገን፣ አሸንዳው ሳይስተካከል የሚደረግ የአርማታ ጥገና ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ ምሰሶ ወይም ቢም የሚነካ ከሆነ በመሐንዲስ ትእዛዝ በድጋፍ ይያዛል። ሸክም ላይ ያለ ምሰሶ ያለ ድጋፍ መፈልፈል ለሠራተኛውም ለተከራዩም የሕይወት አደጋ ነው። ከዚያ የተላቀቀውና ጥበቃው ያለቀው አርማታ ይነሣል፤ ከፌሮው በስተጀርባም ወደ 20 ሚሊሜትር ያህል ተፈልፍሎ ፌሮው ዙሪያውን ይገለጣል። ፌሮው በአሸዋ ግፊት ወይም በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይጸዳል። ብዙ የተበላ ከሆነ አጠገቡ አዲስ ፌሮ ይጨመራል። በመጨረሻም ለዚሁ የተዘጋጀ የጥገና ሞርታር ወይም ጥሩ አርማታ በሚፈለገው ሽፋን ልክ ይሞላል፤ ለቀናትም ውኃ ይጠጣል።

አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። የጨው ዝገት ባለበት ሕንፃ የተጠገነው ቦታ ከጸዳ በኋላ በዙሪያው ያለው ያልተጠገነ ክፍል ፈጥኖ መዛግ ሊጀምር ይችላል። ምክንያቱም ቀድሞ ይዝግ የነበረው ቦታ የጎረቤቱን ፌሮ ከዝገት ያድነው ነበር። ለዚህ መፍትሔው በጥገናው ጠርዝ በፌሮው ፈንታ የሚበላ ዚንክ ማሰር ወይም ለትልልቅ ሥራዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካቶዳዊ ጥበቃ መግጠም ነው። ይህኛው ዘዴ በድልድይ ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ ሲሆን ዛሬ በወደቦችና በመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች የተለመደ ሆኗል።

የጥገና ውል ሲፈረም በጥቅል ዋጋ መዋዋል ለሁለቱም ወገን አደገኛ ነው። አርማታው ሲከፈት የሚገኘው ጉዳት ከላይ ከታየው እንደሚበልጥ በሥራው የቆዩ ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ በካሬ ሜትርና በፌሮ ሜትር ነጠላ ዋጋ መዋዋልና በሥራው ላይ እየለኩ መክፈል ይሻላል።

መከላከል፤ ርካሹ ዕቃ

ሆላንዳዊው መሐንዲስ ደ ሲተር እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው «የአምስቶች ሕግ» የሚባል ግምታዊ ሂሣብ አለ። በዲዛይንና በግንባታ ጊዜ በ1 ብር የሚሠራው መከላከያ፣ ዝገቱ ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ እንክብካቤ 5 ብር፣ ዝገቱ በአንዳንድ ቦታ ከጀመረ በኋላ 25 ብር፣ ሕንፃውን ካዳረሰ በኋላ ደግሞ 125 ብር ያስወጣል የሚል ነው። ቁጥሩ ከሕንፃ ሕንፃ ቢለያይም አካሄዱ አይለወጥም። አባቶች ይህንኑ በሁለት ቃል «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለውታል።

አዲስ ሕንፃ የሚያሠራ ባለሀብት አርማታው ከመሞላቱ በፊት ባለው ቀን አንድ ሰዓት ቢያጠፋ ብዙ ያድናል። ፌሮው ከካሳ ፎርማው በስፔሰር መለየቱን፣ ስፔሰሩም የተሰባበረ ብሎኬት ወይም እንጨት ሳይሆን ጥሩ አርማታ ወይም ፕላስቲክ መሆኑን በዓይኑ ማየት ይችላል። ለቅልጥፍና ሲባል በመቀላቀያው ላይ በባልዲ የሚጨመር ውኃ መከልከል አለበት፤ አርማታውን ስፖንጅ የሚያደርገው ይኸው ትርፍ ውኃ ነው። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ ማጠጣት የአርማታውን ቆዳ የሚያጠነክር በጣም ርካሽ ሥራ ሲሆን በበጋ ፀሐይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እርሱ ነው።

ስለ ፌሮ ግዢም አንድ ነጥብ ይነሣል። በሥራ ቦታ የተከማቸ ፌሮ ላይ የሚታይ ስስ ቀይ ዝገት ብቻውን ጉዳት የለውም። የሚራገፍ ቅርፊት የያዘ ወይም ውፍረቱን ያጣ ፌሮ ግን መመለስ አለበት። በወደብ አካባቢ ለባሕር ነፋስ ተጋልጦ የቆየ ከሆነም ጨው ይዞ ስለሚመጣ ሳይታጠብ አርማታ ውስጥ መግባት የለበትም። ለባሕር ዳር ሥራ የማይዝግ ብረት መጠቀም መነሻው ውድ ቢሆንም ውጤቱ ታይቷል። በሜክሲኮ ፕሮግሬሶ እ.ኤ.አ. በ1941 የተጠናቀቀው በማይዝግ ፌሮ የተሠራ የወደብ ድልድይ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል፣ ከአጠገቡ ዘግይቶ በተራ ፌሮ የተሠራው ሌላ ድልድይ በዝገት ፈርሷል።

ዋጋው ላይ እንዴት ይንጸባረቅ?

ዝገት የተገኘበት ሕንፃ አይገዛም ማለት አይደለም። ጉዳቱ በጊዜ የተለካ ሕንፃ፣ ጉዳቱ ካልታወቀ ያማረ ሕንፃ ይልቅ ለገዢ የተሻለ ንግድ ሊሆን ይችላል። ከዋጋው ላይ የሚቀነሰው ግን የሞርታሩ ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም። የመወጣጫና የድጋፍ ሥራ፣ በጥገናው ወራት የሚቋረጥ ኪራይ፣ የቧንቧና የውኃ መከላከያ ሥራ፣ ሲከፈት ለሚገኘው ትርፍ ጉዳት የሚያዝ መጠባበቂያ አብረው ይሰላሉ። ሕንፃውን በዋስትና የሚይዝ አበዳሪም ይህንኑ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሻጭ በበኩሉ ጉዳቱን በቀለም ሸፍኖ ከመቅረብ ይልቅ አስጠግኖ፣ የመሐንዲሱን ሪፖርት፣ ሥራው ሲሠራ የተነሣውን ፎቶግራፍና ደረሰኙን ይዞ ቢቀርብ ድርድሩ ላይ ያተርፋል። የምርመራ ወረቀት ከካርታው ጋር አያይዞ የሚያቀርብ ደላላም ስሙን ከሚያጠፋ ክርክር ይድናል።

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚገዛው አራት ግድግዳ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎቹን ጥገና በቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ላይ የጣለ ነው። የሰርፍሳይድ ነዋሪዎች የተከራከሩትም በዚሁ የጋራ ነገር ላይ ነበር፤ የእያንዳንዳቸው ቤት ውስጡ ያማረ ነበር፤ የሚያፈሰው የጋራው ወለል ነው። ስለሆነም ማኅበሩ ስንት ገንዘብ እንዳለው፣ መዋጮ በየወሩ የሚከፈል መሆኑን፣ ጣሪያውና የፍሳሽ ቧንቧው በመጨረሻ መቼ እንደተጠገነ መጠየቅ የክፍሉን ቁጥር ከመጠየቅ እኩል ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በልስን የተሸፈነ ዝገትም ጊዜ ከማግኘቱ በስተቀር አይድንም። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያ አንድ መዶሻ፣ አንድ ባትሪና ወደ ምድር ቤቱ ለመውረድ የሚወስደው ሩብ ሰዓት ነው። ሕንፃውን ሲያዩ ክረምትን የሚመርጡ ገዢዎች ደግሞ የበለጠ ያያሉ፤ በበጋ ዝም ያለ ሶሌታ በነሐሴ ይናገራል።